ላ ሮቶንዳ፦ አራት ፊት ስላለው ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"ቪላ" የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ግቢ ያለው፣ ለብቻው የቆመ፣ ፎቅ ያልተደረበበት ቤት ነው። ደላላውም ገዢውም ይግባቡበታል። ቃሉ የመጣው ግን ከጣሊያን ነው፤ ድሮ እዚያ ቪላ ሲባል የገጠር ርስትና የእርሻ ቤት ማለት ነበር። ከነዚያ የገጠር ቤቶች መካከል ደግሞ ዓለም ደጋግሞ የቀዳው አንድ አለ። ቪቼንዛ ከተማ ዳር፣ ትንሽ ኮረብታ ላይ የተቀመጠው ላ ሮቶንዳ ነው።

ስለዚህ ቤት ሲነሳ ሰው የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ የት ነው? ስሙስ ለምን በዛ?

ሰሜን ጣሊያን፣ ቬኔቶ በሚባለው ክልል ውስጥ። ከቪቼንዛ መሃል ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢያስኬድ ነው። ሙሉ ስሙ ቪላ አልሜሪኮ ካፕራ ቫልማራና ይባላል። ሦስቱ ስሞች የሦስት ባለቤቶች ናቸው። አልሜሪኮ ያሠራው ነው። ካፕራዎች ገዝተው ያስጨረሱት ናቸው። ቫልማራናዎች ደግሞ ከ1912 ጀምሮ የያዙት። በነገራችን ላይ ካፕራ ማለት በጣሊያንኛ ፍየል ነው።

ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ትቶ "ሮቶንዳ" ይለዋል፤ ክቡ፣ ድቡልቡሉ እንደ ማለት። የሚገርመው ታዲያ ከውጭ ሲያዩት ክብ አይደለም። ቁልጭ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ክቡ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያኖቻችንን ገልብጣችሁ አስቡ። እነሱ ከውጭ ክብ ሆነው ውስጥ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል።

ማን ነው ያሠራው?

ፓኦሎ አልሜሪኮ የሚባል ቄስ። የቪቼንዛ ሰው ነው። ዕድሜውን ያሳለፈው ግን ሮም ነው፤ በፓፓዎቹ ግቢ፣ በፒዮስ 4ኛና በፒዮስ 5ኛ ዘመን አገልግሏል። ማዕረግ ፍለጋ ብዙ ዓመት ተንከራተተ። በመጨረሻ ዘመዶቹ ሁሉ ሞተው አልቀው ወደ አገሩ ተመለሰ። ከከተማው ብዙ በማይርቅ ኮረብታ ላይ ይዞታ ነበረው። እዚያ ለመዝናኛው የሚሆን ቤት ለመሥራት ወሰነ።

ይህን ታሪክ በደንብ ያዙት። ፕላኑን ስናይ ይጠቅመናል። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስት የለችውም። የሚያጭደውና የሚወቃው እህል የለውም። እንግዳ ይቀበላል፣ ይጨዋወታል፣ አገሩን ቁጭ ብሎ ያያል። በቃ።

ሥራው የተጀመረው በ1566 አካባቢ ነው። በ1569 አልሜሪኮ ገብቶ ይኖርበት ነበር፤ ቤቱ ግን ገና አላለቀም። በ1589 ሲሞት ቤቱ ከጋብቻ ውጭ ለወለደው ልጁ ለቪርጂኒዮ ቀረ። ልጁ ሁለት ዓመት ቆየና በ1591 ለካፕራ ወንድማማቾች ሸጠላቸው።

አርክቴክቱስ?

አንድሬያ ፓላዲዮ። በ1508 ፓዶቫ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የወፍጮ ሰው ነበር። ልጁ በ13 ዓመቱ ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ለሙያ ተሰጠ። ከዚያ ሸሽቶ ቪቼንዛ ገባ፤ እዚያም ከአንድ የግንበኞችና የጠራቢዎች ቤት ጋር ሠራ። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ እጁ ላይ መዶሻና መሮ ያለ ሰው ነበር።

ሕይወቱን የቀየረው ጃን ጆርጆ ትሪሲኖ የሚባል የተማረ መኳንንት ነው። የራሱን ቤት ሲያሳድስ ይህን ጠራቢ አየውና ወደደው። አስተማረው፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አገናኘው፣ በ1541 ሮም ይዞት ሄደ። "ፓላዲዮ" የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው፤ ከግሪኳ የጥበብ አምላክ ከፓላስ አቴና የተወሰደ ነው። የቤት ስሙ አንድሬያ ዲ ፒዬትሮ ነበር፤ የፒዬትሮ ልጅ አንድሬያ።

ሮም ውስጥ የፈረሱ ጥንታዊ ሕንፃዎችን በገመድ እየለካ ሲስል ከረመ። ከዚያ በኋላ ቪላ ሲሠራ ሁለት ነገር አብሮት ነበር፤ የግንበኛ እጅና የጥንት ሕንፃ ልኬት። ብዙ አርክቴክት አንዱ ብቻ ነው ያለው።

የገጠር ቪላ ከተባለ ጎተራውና ጋጣው የት አለ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ "የለም" ነው። ለምን እንደሌለ ለመረዳት ግን ሌሎቹን የፓላዲዮ ቪላዎች ማየት ያስፈልጋል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስ ሀብታሞች ፊታቸውን ከባሕር ወደ መሬት እያዞሩ ነበር። ከምሥራቅ ኦቶማኖች ገፍተዋል። ፖርቱጋሎች ደግሞ አፍሪካን ዞረው ሕንድ ደርሰዋል። የቅመማ ቅመም ንግዱ እንደ ድሮው አስተማማኝ አልሆነም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ እርሻ ሄደ። ረግረጉ ተጠነፈፈ፣ ቦይ ተቆፈረ፣ አዲስ መሬት ታረሰ። መሬት ያለው ሰው ደግሞ አዝመራ ሲደርስ እዚያው መሆን አለበት። ካልሆነ ሌላው ይሰበስብለታል።

ፓላዲዮ ለነዚህ ሰዎች ያወጣው መላ ቀላል ነው። የባለቤቱን ቤት መሃል ላይ ያቆመዋል። ከግራና ከቀኝ እንደ ሁለት ክንድ የተዘረጉ ረጃጅም ባለ ቅስት በረንዳዎች ይጨምርበታል። ባርኬሳ ይባላሉ። ጋሪው፣ ድርቆሹ፣ ከብቱ፣ የእርሻ ዕቃው ሁሉ እዚያ ነው። እህሉ ቆጥ ላይ ይወጣል። ባለቤቱ ዝናብ ሳይነካው በበረንዳው ሥር እየተራመደ ሥራውን ሁሉ ማየት ይችላል። ማዜር ያለው ቪላ ባርባሮና ፋንዞሎ ያለው ቪላ ኤሞ እንደዚህ ናቸው። ቤተ መንግሥት ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን የገበሬ ግቢ ሥራ ነው። ለእኔ የፓላዲዮ ትልቁ ብልሃት እሱ ነው።

ሮቶንዳ ከዚህ ሁሉ የለበትም። አልሜሪኮ አራሽ አልነበረም። ፓላዲዮ ራሱ በ1570 ቬኒስ ላይ ባሳተመው ስለ ሥነ ሕንፃ በሚናገረው አራት ክፍል ያለው መጽሐፉ ውስጥ ይህን ቤት ከቪላዎቹ ጋር አላስቀመጠውም። ከከተማ ቤቶቹ ጋር ነው ያስገባው። ከከተማው አጠገብ ስለሆነ ከተማ ውስጥ ያለ ያህል ነው የሚል ነው ምክንያቱ። በዓለም ታዋቂ የሆነው የፓላዲዮ ቪላ በደራሲው ዘንድ ቪላ አልነበረም ማለት ነው።

ዛሬ ስትሄዱ መግቢያው ጎን የምታዩት ባርኬሳ ኋላ የመጣ ነው። ካፕራዎቹ እርሻ ነበራቸው፤ ቪንቼንዞ ስካሞዚ የሚባለውን አርክቴክት አሠሩት። ስካሞዚም ጨዋ ነበር፤ ከቤቱ ዝቅ አድርጎ፣ እይታውን ሳይጋርድ አስቀመጠው።

አራቱም ጎን ለምን አንድ ዓይነት ሆነ?

ይህ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ቤት እንደ ሰው ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱን እናስውባለን፤ ጓዳውና የዕቃ ማጠቢያው በጀርባ ይሆናል። ሮቶንዳ ጀርባ የለውም። በአራቱም በኩል ሰፊ ደረጃ፣ ስድስት ዓምድ ያለው በረንዳ፣ ከበላዩ ሦስት ማዕዘን የጣሪያ ግንባር አለው። በየትኛውም በኩል ብትመጡ ከፊት ለፊት የመጣችሁ ይመስላችኋል።

ምክንያቱን ፓላዲዮ ራሱ ነግሮናል፤ ከኮረብታው ነው የሚጀምረው። አቀበቱ ቀላል የሆነ ትንሽ ኮረብታ ነው ይላል። በአንድ በኩል ጀልባ የሚሄድበት የባኪሊዮኔ ወንዝ ያልፋል። በሌላ በኩል ደግሞ ሌሎች ውብ ኮረብቶች ከበውት ቦታውን ትልቅ ቲያትር ያስመስሉታል። ሁሉም በፍራፍሬና በወይን የተሸፈነ ነው። አንዱ እይታ ቅርብ ላይ ያቆማል፣ አንዱ ራቅ ይላል፣ ሌላው ከአድማስ ጋር ይገጥማል። እይታው በየአቅጣጫው ካማረ ደግሞ በረንዳውም በአራቱም ጎን ይሁን አለ።

አያችሁ፣ አራቱ በረንዳዎች ለደጅ መንገደኛ አይደለም የተሠሩት። ውስጥ ላለው ሰው ነው። አሠሪው መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ፤ ቤቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳሎኑ መሃል ብትቆሙ በአራት መተላለፊያ በኩል አራት የተለያየ አገር ይታያችኋል። በረንዳዎቹም ጎንና ጎናቸው ባዶ አይደለም። ቅስት የተከፈተበት ግድግዳ አላቸው። ወደ ጎን ስታዩ እይታው በቅስቱ ተከርክሞ እንደ ሥዕል ይመጣል።

ሌላ ያልተወራለት ብልሃትም አለ። ቤቱ ፊቶቹን ቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ አላዞረም። 45 ዲግሪ ዞሮ ነው የተቀመጠው። ወደ አራቱ አቅጣጫ የሚጠቁሙት ማዕዘኖቹ ናቸው። በሰሜን ጣሊያን ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰሜን የሰጠ ክፍል እርጥበትና ብርድ ነው ትርፉ። እዚህ አንዱም ጎን ዓመቱን ሙሉ ለጥላ አልተፈረደበትም። በበጋ ቀን ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ፀሐይ የመታው በረንዳም፣ ጥላ የሆነ በረንዳም አለ። ቡናችሁን ይዛችሁ መዞር ነው።

ፕላኑ እንዴት ነው? ከባድ ሒሳብ አለው ይባላል።

ከባድ አይደለም። ያማረ ነው እንጂ። የፓላዲዮን ቁጥሮች ልስጣችሁ። መለኪያው የቪቼንዛ ጫማ ነው፤ አንዱ 35 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል።

መሃል ላይ ያለው ክብ ሳሎን ከጥግ እስከ ጥግ 30 ጫማ ነው፤ ወደ 10 ሜትር ተኩል በሉት። በአራቱ ማዕዘን አራት ትልልቅ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 26 በ15። ከእያንዳንዱ ትልቅ ክፍል ጎን አንድ ትንሽ ክፍል አለ፤ 15 በ11። በረንዳዎቹ 30 በ12 ናቸው።

አሁን ጨዋታው ይኸውላችሁ። 15 ሲደመር 11 ስንት ነው? 26። የትልቁ ክፍል ርዝመት ከትልቁ ክፍል ወርድና ከትንሹ ክፍል ወርድ ድምር ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ስትለኩ አንድ ረጅም ክፍል ታገኛላችሁ። በሌላው አቅጣጫ ስትለኩ ሁለት አጫጭር ክፍሎች ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ድምሩ ግን አንድ ነው፤ ቤቱም ካሬ ሆኖ ይዘጋል። ክፍሎቹ አንድ ዓይነት ሳይሆኑ ውጩ በአራቱም በኩል አንድ ዓይነት የሆነው በዚህ ነው። በረንዳው ደግሞ 30 ነው፤ ልክ እንደ ሳሎኑ። ውጭ ሆናችሁ የበረንዳውን ስፋት ስታዩ የሳሎኑን ስፋት እያያችሁ ነው።

ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ባለበት አቅጣጫ ግን አንድ ግድግዳ ይጨመራል። ግድግዳው ቦታ ይበላል። መተላለፊያዎቹ እኩል ያልሆኑትም ለዚህ ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ይላሉ። ፍጹም የተመጣጠነ የሚባለው ቤት ትንሽ ያጭበረብራል። ማንም አያስተውለውም።

ክብን ካሬ ውስጥ ስታስገቡ አራት ጥጎች ይተርፋሉ። ለምንም የማይመች የሾለ ቦታ ነው። ፓላዲዮ አልጣለውም፤ ደረጃዎቹን እዚያ ሸሸጋቸው። ከትንንሾቹ ክፍሎች በላይ ደግሞ ዝቅ ያለ ግማሽ ፎቅ አለ። ምድር ቤቱ የኩሽናና የሠራተኛ ነው። ላይኛው ፎቅ ሳሎኑን ከላይ እያዩ የሚዞሩበት መዘዋወሪያ እንዲሆን ነበር የታሰበው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተከፋፍሎ ክፍል ክፍል ሆነ።

ለምን ቤተ መቅደስ ይመስላል?

ዓምድና ሦስት ማዕዘን ግንባር በጥንት ሮም የአማልክት ቤት መለያ ነበር። ፓላዲዮ ይህን ወስዶ ለግለሰብ መኖሪያ ሰጠው። የራሱ መከራከሪያ ነበረው። ሰው መጀመሪያ የሠራው መኖሪያ ነው፤ መቅደሱ መልኩን ከመኖሪያ ቤት ወሰደ፤ ስለዚህ ለመኖሪያ መመለሱ ነውር የለውም ይል ነበር። የጥንት ሮማውያን ቤት እንደዚያ እንዳልነበረ ዛሬ ቁፋሮው አሳይቷል። ግምቱ ስህተት ነበር፤ ከስህተቱ የወጣው ግን ይኸው ነው። ለእሱ ተግባራዊ ጥቅምም ነበረው። ግንባሩ መግቢያውን ያሳያል፣ የባለቤቱም የዘር አርማ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ካፕራዎቹ ይህን በደንብ ተጠቀሙበት። ማርዮ ካፕራ በላቲን የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ለአራት ከፍሎ በአራቱ ፊቶች ላይ አስቀርጿል። የገብርኤል ልጅ ማርዮ ካፕራ ነኝ፣ ቤቱን ከእርሻው፣ ከሸለቆውና ከኮረብታው ጋር ለበኩር ልጅ ብቻ እንዲተላለፍ አስሬዋለሁ የሚል ነው። አንብቦ ለመጨረስ ቤቱን መዞር ግድ ነው። ኑዛዜ በዚህ መልክ የጻፈ ሰው እኔ ሌላ አላውቅም።

ከእብነ በረድ ነው የተሠራው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የፓላዲዮ ቪላዎች አጥንታቸው ጡብ ነው። ጡቡ በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት ይለሰንና ይወለወላል፤ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። የተጠረበ ድንጋይ የሚገባው ግድ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው፤ በዓምድ እግርና ራስ፣ በመስኮት ዙሪያ፣ በደረጃ። የሮቶንዳ ዓምዶች አዮኒክ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ራሳቸው እንደ በግ ቀንድ ተጠቅልሏል። ይህን በልስን ማውጣት አይቻልም፤ ጠራቢ ይፈልጋል። ሌላው ግን የአካባቢው ጡብ ነው። ፓላዲዮ በርካሽ ዕቃ ባለጸጋ የሚመስል ቤት መሥራቱ ለደንበኞቹ ትልቅ መስህብ ነበር።

ጉልላቱ የፓላዲዮ ነው?

በከፊል። ፓላዲዮ በ1580 ሞተ፤ ያለቀውን ቤት አላየም። መጽሐፉ ውስጥ የሳለው ጉልላት ከፍ ያለ፣ ሙሉ ግማሽ ክብ ነው። የጨረሰው ስካሞዚ ግን ዝቅ አደረገው፤ ሮም ያለውን ጥንታዊ መቅደስ ፓንቴዎንን በሚያስታውስ መንገድ ዳሩን በደረጃ ደረጃ ሠራው። አንዳንዱ ስካሞዚ አበላሸው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ዝቅ ያለው ጉልላት ከኮረብታው ጋር ይስማማል፤ ኮረብታው ራሱ ትንሽ አናት ያበቀለ ይመስላል። በሥዕሉ ላይ ያለው ቢሠራ ኖሮ ቤቱ ትንሽ ይንጠራራ ነበር።

ለመኖር ይመቻል?

ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ በ1786 መጥቶ አይቶታል። ከውጭ በጣም ተደነቀ። ስለ ውስጡ የሰጠው ፍርድ ግን መኖር ይቻልበታል፣ ቤት ቤት ግን አይልም የሚል ዓይነት ነው።

እውነቱን ነው። መሃል ላይ የተተከለው ትልቁ ክፍል የራሱ ተራ መስኮት የለውም፤ ብርሃኑ ከላይና ከመተላለፊያዎቹ ነው። ድምፅ ያስተጋባል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ እሱን ማቋረጥ ይመጣል። ምግቡ ከምድር ቤት በደረጃ ይወጣል። ለስድስት ልጆችና ለአንዲት አያት የተሠራ ቤት አይደለም። ግብዣ ለሚወድ ብቸኛ ሰው ነው የተሠራው፤ ለእሱ ልክ ነበር።

የውስጥ ሥዕሎቹስ?

ብዙ ናቸው፣ ከአንድ ዘመን አይደሉም። የጉልላቱንና የአንዳንድ ክፍሎችን ሥዕል አሌሳንድሮ ማጋንዛ ሠርቷል። የሳሎኑን ታችኛ ግድግዳ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሉዊ ዶሪኚ የሚባል ፈረንሳዊ በግዙፍ አማልክት ሞላው። የተሳሉት ዓምዶች እውነተኛ እስኪመስሉ ድረስ ዓይን ያታልላሉ። ባለሙያነቱ አያከራክርም። ለእኔ ግን ይበዛል። እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ፕላን መሃል ይህን ያህል ጫጫታ ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር።

እውነት ሌላ ቦታ ተቀድቷል?

በብዛት። እንግሊዝ ውስጥ ኬንት ላይ ኮለን ካምቤል በ1720ዎቹ የሠራው ሜርወርዝ ቁርጥ ሮቶንዳ ነው። ችግሩ ብርዱ ነው። ለእንግሊዝ ክረምት ብዙ የእሳት ምድጃ ያስፈልጋል፤ የጭስ ማውጫ ጣሪያው ላይ ቢተከል ደግሞ መልኩ ይበላሻል። ስለዚህ የጭሱን መንገድ በጉልላቱ ሽፋን ውስጥ አሳልፈው በአናቱ አወጡት። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ቺዝዊክ ሃውስን ማየት ትችላላችሁ። ሎርድ በርሊንግተን በ1729 ነው ያስጨረሰው። እሱ ግን ራሱን ችሎ ያሰበበት ነው፤ መሃሉ ክብ ሳይሆን ስምንት ማዕዘን ነው።

ለእኛ ሰዎች ቅርቡ የአሜሪካው ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ቪቼንዛን ረግጦ አያውቅም፤ ፓላዲዮን ያወቀው በመጽሐፍ ነው። በ1792 የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ንድፍ ውድድር ሲወጣ ስሙን ደብቆ ሮቶንዳን የሚመስል ንድፍ አስገባ ይባልለታል። አላሸነፈም፤ ዛሬ ዋይት ሐውስ የምንለውን የሠራው ጄምስ ሆባን ነው። ጄፈርሰን የራሱን ቤት ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ኮረብታ አናት ላይ ሠራና ሞንቲቼሎ አለው። "ሞንቲቼሎ" በጣሊያንኛ ትንሽ ኮረብታ ነው። ፓላዲዮ የሮቶንዳን ቦታ ሲገልጽ የተጠቀመው ቃል ራሱ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የእኛ ሰው በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነድቶ ይደርስበታል። ስትሄዱ ዓምዱንና ጉልላቱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ጄፈርሰን ኩሽናውን፣ ጋጣውንና ማከማቻውን ከሰገነቶቹ ሥር፣ ኮረብታው ጎን ውስጥ አስገብቶ ደብቋቸዋል። እይታው እንዳይጋረድ ነው። እዚያ ሥር የሚሠሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ቤቱንም የሠሩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው እነሱም አይታዩም ነበር።

እኛ አገር ያሉት ባለ ዓምድ ቪላዎች ከዚህ የመጡ ናቸው?

በረጅሙ ዘር ቆጠራ፣ አዎ። የሮም ዓምድ በፓላዲዮ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ አድርጎ፣ በካታሎግና በፎቶ ዞሮ መጥቷል። እኔ ዓምድ አልጠላም። የሚያስቀኝ ዓምዱ ከጎረቤት አጥር ጋር ፊት ለፊት ሲተያይ ነው። ስድስት ዓምድ ያለው በረንዳ ተሠርቶ፣ ከፊቱ ሁለት ሜትር ላይ ባለ ሽቦ ግንብ። ቁጭ ብሎ የሚታይ ምን አለ? ከሮቶንዳ መቅዳት ካማራችሁ መጀመሪያ ቦታው ላይ ወንበር አውጥታችሁ ጠዋትና ማታ ተቀመጡበት። ፀሐዩ በየት ይመጣል? የሚያምረው በየት በኩል ነው? መስኮቱና በረንዳው ወደዚያ ይዙር። ዓምድ ባይኖረውም ፓላዲዮ አይቀየማችሁም።

ዛሬ የማን ነው? መግባት ይቻላል?

የቫልማራና ቤተሰብ ነው። እስከ 2010 በሕይወት የነበሩት ማርዮ ቫልማራና የሥነ ሕንፃ ፕሮፌሰር ነበሩ። ያስተማሩት ደግሞ ጄፈርሰን ባቋቋመው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቪቼንዛ በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች፤ በ1996 መዝገቡ ሰፍቶ በቬኔቶ ያሉትን የፓላዲዮ ቪላዎችም ጨመረ።

ግቢው ይጎበኛል። ውስጡ የሚከፈተው ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን አጣሩ። በእግር ሂዱ። መንገድ ላይ ቪላ ቫልማራና አይ ናኒን ታገኛላችሁ፤ የሠዓሊው የቲዬፖሎ የ1757 ሥዕሎች እዚያ ናቸው። ሮቶንዳ ስትደርሱ መግቢያው በሁለት ግድግዳ መካከል ተቆርጦ የወጣ አቀበት ነው። ስትወጡ ከፊታችሁ ካለው በረንዳ በቀር ምንም አይታይም። አትቸኩሉ። ደረጃው ላይ ስትደርሱ ዞር በሉ።

ውስጥ ከገባችሁ ሁሉም ሰው አንገቱን ወደ ጉልላቱ ያቀናል። እናንተ ወደ ታች እዩ። ወለሉ መሃል፣ ልክ ከጉልላቱ ዓይን ሥር፣ ከድንጋይ የተቀረጸ የፋውን ፊት አለ፤ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነው የጫካ ፍጡር። ፊቱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ።